ግልጽ ደብዳቤ፦ የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት ለአንድ መንገድ ስጡት

ለሪል ስቴትና ለማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣
ለመምህራኖቻቸው፣
የይዞታና የስም ዝውውር መዝገብ ለያዙ የባሕር ዳር ከተማ ጽሕፈት ቤቶች፤

ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሁለቱ መንፈቅ ዓመታት መካከል ያለውን ዕረፍት ስለ መጠቀም

የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ መምህራንና ኃላፊዎች፤

ፈተናው አልቆ፣ የጥምቀት ታቦታት ወደየመንበራቸው ተመልሰው፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እስኪጀመር ጥቂት ሳምንታት ይተርፋሉ። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ቢሮዬ ጎራ የሚሉ ተማሪዎች የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «በዕረፍቱ የትኛውን ሥልጠና ልውሰድ? አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ አልሚ ድርጅት ዘንድ በነጻ ልሥራ? ወይስ የመመረቂያ ጽሑፌን ንባብ ልጨርስ?» የምሰጠው መልስ ለዓመታት ስላልተለወጠና ለእያንዳንዱ ደጋግሞ መናገሩ ስለሰለቸኝ፣ በንብረት ግመታ አሥራ አንድ ዓመት እንደ ሠራ ሰው ይህን ደብዳቤ ለሁላችሁም በአንድነት ጽፌያለሁ። መልሴም ይህ ነው፦ ከከተማው አትውጡ፤ አንድ መንገድ ምረጡ፤ በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ቤት ባለፉት አምስት ዓመታት በስንት ተሸጠ፣ በስንት ተከራየ፣ በምን ዓይነት ወረቀት ተላለፈ የሚለውን አንድ በአንድ መዝግቡ።

በፈረንጅ አገር ይህ የዕረፍት ጊዜ ብርድና በረዶ የሚበረታበት ስለሆነ፣ እዚያ ያሉ የሙያ አጋሮቻችሁ ቤት ተቀምጠው የሒሳብ ሠንጠረዥ መለማመዳቸው አያስገርምም። የእኛ ዕረፍት ግን የሚውለው በበጋው እምብርት ነው። መንገዱ ደረቅ፣ ቀኑ ብሩህ፣ ግንባታው የሚጧጧፍበት ጊዜ ነው፤ ጥር የሠርግ ወር እንደመሆኑም ከየድንኳኑ ሥር ስለ ቤትና ስለ ቦታ የማይወራ ነገር የለም። ለመስክ ሥራ ከዚህ የተመቸ ወቅት ቢፈለግ አይገኝም።

ይህን አጥብቄ የምመክርበት ምክንያት በሙያችን ያለው ትልቅ ክፍተት የዕውቀት ሳይሆን የመረጃ ክፍተት መሆኑ ነው። ሦስቱን የግመታ ዘዴዎች፣ ማለትም የወጪውን፣ የገበያ ንጽጽሩንና የገቢውን፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ በቅርቡ ስለተማራችኋቸው አላብራራም። ነገር ግን ከክፍል ወጥታችሁ ሥራ ስትጀምሩ በእጃችሁ የሚቀረው የወጪው ዘዴ፣ ማለትም ቤቱን ለመሥራት የሚፈጀውን አስልቶ እርጅናውን መቀነስ፣ ብቻ እንደሆነ ታያላችሁ፤ ንጽጽር ለማድረግ የሚነጻጸር የሽያጭ መዝገብ፣ ገቢን ለማስላትም የታመነ የኪራይ መዝገብ ያስፈልጋልና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን ስለደነገገ፣ በውሉ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ቤቶች አንዱ ከሐይቁ ዳር፣ ሌላው ወደ ዘንዘልማ መውጫ ቢሠሩ የብሎኬቱና የሲሚንቶው ወጪ እኩል ነው፤ ዋጋቸው ግን እኩል ሆኖ አያውቅም። ለምሳሌ ያህል ቤቱ በ6 ሚሊዮን ብር ተሽጦ ግንባታው ሲሰላ 2 ሚሊዮን ቢሆን፣ የቀረው 4 ሚሊዮን በየትኛውም ሰነድ ላይ ስም የለውም። ገዥው ያውቀዋል፣ ሻጩ ያውቀዋል፣ ደላላው ከሁለቱም በፊት ያውቀዋል፤ እንዲያውቀው የተማረው ገማች ብቻ አያውቀውም።

ይህን የተማርኩት በገዛ ስሕተቴ ነው። በሥራው ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ሳለሁ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ አበዳሪ ተቋም ለብድር መያዣ የሚሆን ቤት እንድገምት ላከኝ። ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ አራት ክፍል ያለው የብሎኬት ቤት ነበር። ሜትሬን ዘርግቼ ግድግዳውን ለካሁ፤ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ መሆኑን ጻፍኩ፤ ተቋሙ በሰጠኝ የካሬ ሜትር ዋጋ አባዝቼ የእርጅናውን ቀነስኩና ከምሳ በፊት ጨረስኩ። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት አዛውንት እናት፣ ቡና አቅርበውልኝ ሳለ «ልጄ፣ ውኃውንስ አየኸው?» አሉኝ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ቆርቆሮ የተከደነበት፣ ቆርቆሮውንም ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ የተጫነበት የጉድጓድ ውኃ ነበር፤ አላየሁትም። ቀጠሉና ከመኝታ ቤታቸው አንድ ፌስታል አምጥተው በጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ቤቱ ሲሠራ መሠረቱ ያረፈበት ዋልካ ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም ለሙሌት በተመረጠ አፈር፣ የተሞላ ኖሯል፤ ፌስታሉ ውስጥ ያለው የሃያ ሁለት ቢያጆ ሰሌክት ደረሰኝ ነበር። በያዝኩት ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ሙሌት የሚባል ረድፍ አልነበረም። እንደሌለ ነግሬያቸው ወጣሁ። ይባስ ብሎ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተመሳሳይ ቤት ከሁለት ወር በፊት እኔ ከገመትኩት እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ መሸጡን በኋላ የሰማሁት ከሱቅ ጠባቂ ልጅ ነው። እኚያ እናት ባነሰው ብድር ሊሠሩት ያሰቡትን ሰርቪስ ቤት ከግማሽ ሳያሳልፉ አቆሙት፤ ጣሪያ ያልለበሰውን ግድግዳ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲመታው በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አየሁት።

እንግዲህ መንገዱን ስትመርጡ ትልቅነቱን ሳይሆን የሚታወቅ ለውጥ የተደረገበት መሆኑን ተመልከቱ። ምርጫው የእኔ ቢሆን አባይ ማዶ ካሉት መንገዶች አንዱን እይዝ ነበር። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ስለተመረቀ፣ ከዚያ በፊትና ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሽያጮችን በአንድ መንገድ ላይ ማነጻጸር መሠረተ ልማት የንብረትን ዋጋ እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አብልጦ ያስተምራል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ምንዛሪ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ የፌሮና የሌሎችም ከውጭ የሚገቡ የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ መናሩን ግን አትርሱ፤ ድልድዩና ምንዛሪው የሁለት ወር ያህል ልዩነት ብቻ ስላላቸው የአንዱን ውጤት ለሌላው መስጠት ቀላል ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለና ድልድዩ ብዙም ያልነካው አንድ መንገድ ጎን ለጎን ቢመዘገብ ሁለቱን ለመለየት ይረዳል። ለዚህ ሥራ ሁለት ተማሪዎች ቢጣመሩ እመርጣለሁ፤ ያም ሆኖ ብቻውን የሚሠራም አይከለከልም።

ለእያንዳንዱ ቤት የምትመዘግቡት ዋጋ አንድ ሳይሆን ሦስት ይሁን፦ የተጠየቀው፣ የተከፈለውና የተጻፈው። የተጠየቀውን ደላላው ይነግራችኋል፤ የተከፈለውን ሻጩ ወይም ገዥው፣ እምነቱን ካገኛችሁ፣ ይነግራችኋል፤ የተጻፈው በውሉ ላይ ይገኛል። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ክፍያ የሚሰላው በዋጋው ላይ በመሆኑ በውል ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ከእውነተኛው ማነሱ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። በሦስቱ መካከል ያለው ርቀት በየሰፈሩና በየዓመቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን በቁጥር የያዘ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጠፋበት ተማሪ ካለ ይኸው።

ስለ ደላሎች አንድ ቃል ልበል። የተማረው ሰው ደላላን ይንቃል፤ ከዚያም ተመልሶ ዋጋ የሚጠይቀው እርሱኑ ነው። በአንድ ሰፈር አሥር ዓመት የሠራ ደላላ የትኛው ቤት በወራሾች ክርክር እንደታሰረ፣ የትኛው በወለድ አገድ (አበዳሪው በወለድ ፈንታ በንብረቱ እየተጠቀመ) እንደተያዘ፣ የትኛው በውክልና ሦስት ሰው እጅ እንደዞረ በቃሉ ያውቃል። ከገዥም ከሻጭም ኮሚሽኑን የሚቀበለው ለዚህ ዕውቀቱ ነው። ነገር ግን ገዥ መስላችሁ አትቅረቡት፤ የቀኑን ሥራ ታስፈቱታላችሁ፣ ሲነቃባችሁም የሰፈሩ በር ሁሉ ይዘጋባችኋል። ተማሪ መሆናችሁን ነግራችሁ፣ መታወቂያችሁን አሳይታችሁ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ጠይቁት። በመዝገባችሁም የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥርም ሆነ የቤት ቁጥር አይግባ፤ እናንተ ብቻ የምታውቁት መለያ ይበቃል።

ከዋጋው ቀጥሎ የይዞታው ዓይነት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ሕጉን በቃል ስለምታውቁ በሥራ ላይ የሚያመጣውን ልዩነት አቅልላችሁ ታያላችሁ። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለንግድ 70 ዓመት የሊዝ ዘመን ሰጥቷል፤ በነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት ውጭ ቀድሞ በተያዘ ቦታ፣ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍም ወደ ሊዝ እንዲገባ አድርጓል። እንዲህ ከሆነ፣ ጎን ለጎን ያሉ አንድ ዓይነት ቤቶች አንዱ በነባር ካርታ፣ ሌላው ብዙ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ባለበት ውል፣ ሦስተኛው ደግሞ ገና ካርታቸውን ለየአባላቱ ባላከፋፈሉ የቤት ማኅበራት ስም ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህን በአንድ ረድፍ ደምሮ አማካይ ዋጋ ማውጣት ጤፍንና ገብስን በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው። ገዥዎች በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በገንዘብ ያውቁታል፤ እናንተም ጠይቃችሁ በገንዘብ ጻፉት። የሊዝ ጨረታ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳ ሲለጠፍም ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ ዝናብና ፀሐይ ከወሰደው በኋላ ፍለጋው አድካሚ ነው።

መሬቱን ራሱን ለማየትም በጋው ይረዳችኋል። ባሕር ዳር በብዙ ቦታ የምትቆመው በዋልካ ላይ ነው፤ ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቤቱም አብሮት ይተነፍሳል። በነሐሴ ተለስኖና ተቀብቶ ደህና የሚመስል ግድግዳ በጥር ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ተሰንጥቆ ይገኛል። ስንጥቁ ምን ያህል እንደሚሰፋ በሳንቲም ጠርዝ ለክታችሁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ፣ በሰኔ ተመልሳችሁ እዩት። ሐይቁም እንዲሁ ነው። የጣና ውኃ ከፍ የሚለው በክረምቱ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ እየሸሸ እስከ ቀጣዩ ዝናብ ዝቅ ይላል። በ1988 ዓ.ም. በቻራ ቻራ የተሠራው ግድብ የሐይቁን ውኃ አወጣጥ ስለሚቆጣጠር፣ የውኃው ከፍታ የዝናብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ስለዚህ በጥር «ከውኃው 60 ሜትር ይርቃል» ተብሎ የተገለጸ ቦታ በመስከረም ምን እንደሚመስል ሳይጠይቁ መገመት አይገባም። ደንገል የበቀለበትን፣ ታንኳ የሚታሰርበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ዓሣ አጥማጁን ደግሞ ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ ጠይቁት፤ በጣቱ ያሳያችኋል። ሐይቁና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበ በመሆኑም በዳርቻው ላይ የሚሠራ ሁሉ የራሱ ገደብ አለበት፤ ይህን ያላገናዘበ የሐይቅ ዳር ግምት ገዥውን ያሳስታል።

ስለ ኪራይ ባጭሩ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ በመረጣችሁት መንገድ ይህ እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራ ጠይቁ፣ መብራትና ውኃ በኪራዩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ለዩ፣ ባዶ የከረመበትን ወር አትርሱ።

ዕረፍቱን ወደ ገጠር ወላጆቻችሁ ዘንድ የምታሳልፉም ከዚህ ሥራ ነጻ አይደላችሁም። ለሕዝብ ጥቅም ከይዞታው በቋሚነት የሚነሣ አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው የላቀው ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ ሆኗል። ሕጉ ተሻሻለ፤ ግን «የላቀው ዓመታዊ ገቢ» የሚለው ቃል የሚጠቅመው ገቢው የተመዘገበ እንደሆነ ነው። በጥር እህሉ ከአውድማ ገብቷል፤ የፎገራ ሩዝም ታጭዶ ተሰብስቧል። ገበሬው ስንት ኩንታል እንዳገኘና በምን ዋጋ እንደሸጠ ገና አልረሳውም። ባሕር ሸሽ መሬት (የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ የሚታረስ ዳርቻ) ላይ የሚያርስ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም የዘጌ ቡና ባለቤት ልጅ የሆናችሁ፣ የአሥር ጎረቤቶቻችሁን የዘንድሮ ምርት በደብተር ብትጽፉ ወደፊት የካሳ ክርክር ሲነሣ ያቺ ደብተር ከብዙ ምስክር ትበልጣለች። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ካልተመቸ ግን አትድፈሩ፤ በስልክ የሚገኘውን ያህል ያዙ።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ሥራ ያለ እናንተ ማንም አይዘልቅበትም። በዕረፍት የተሠራ ሥራ ማርክ ከሌለው ተማሪው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል፤ ይህን እኔም በተማሪነቴ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ የመንገዱ መዝገብ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በአንድ ትምህርት ውስጥ እንደ ምዘና ይያዝ፤ ቅጹም ለሁሉም አንድ ይሁን። ዘንድሮ የተመዘገበው መንገድ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡ ተማሪዎች ይተላለፍ እንጂ ተመራቂው በፍላሽ ይዞት አይጥፋ። አንባቢ ያጣ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመደርደሪያ ሞልቷል፤ አምስት ዓመት በተከታታይ የተመዘገበ መንገድ ግን አንድም የለንም።

የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን የምለምነው ብዙ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የሪል ስቴት ልማት፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ አዋጅ ቁጥር 1357 ግመታ ሥርዓት እንዲኖረው የሚሻ ነው፤ ሥርዓቱ ደግሞ ያለ ግብይት መረጃ ባዶ ሰሌዳ ነው። መረጃው በእናንተ መዝገብ ቤት አለ። ተማሪው የባለ ይዞታውን ስም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ዝውውሩ የተፈጸመበት ወር፣ የቦታው ስፋት፣ የይዞታው ዓይነት፣ አገልግሎቱና በውል የተገለጸው ዋጋ ከስም ተለይቶ በየቀበሌው ቢሰጠው ይበቃዋል። ይህን አንድ ባለሙያ በሁለት ቀን ሊያወጣው ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ ባለሙያ ካጠራችሁ ተማሪዎቹ ራሳቸው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ፣ በእናንተ ዓይን ሥር ይሥሩት። ተማሪ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» መባሉም ይቅር፤ ዕረፍቱ አጭር ስለሆነ ሦስት ነገ ካለፈ ሥራው አልቆለታል። የጨረታ ውጤት ማስታወቂያዎችም ከሰሌዳው ሲነሡ ወደ ቅርጫት ሳይሆን ወደ አንድ ፋይል ይግቡ።

«ዋጋ ከተመዘገበ ታክስ ይመጣል» ብሎ የሚሰጋ የሰፈር ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስጋቱም መሠረት የለሽ አይደለም። ተማሪው ስም እንደማይጽፍ፣ መዝገቡም ለገቢ ሰብሳቢ እንደማይሰጥ ተማሪው የሚማርበት ተቋም በደብዳቤ ቢያረጋግጥና ተማሪው ያንን ደብዳቤ በየደጁ ቢያሳይ ይበጃል። ከተማሪዎች፣ ከመምህራን ወይም ከጽሕፈት ቤቶች አንዱ ይህን ቃል ካፈረሰ ግን በሚቀጥለው ዓመት በር የሚከፍት እንደማይኖር ከወዲሁ ይታወቅ።

በበኩሌ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቢሮዬ ያለበትን መንገድ መዝግቤያለሁ፤ እስካሁን የሠላሳ አራት ቤቶች መረጃ አለኝ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱም ዋጋ የተሟላላቸው አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው። ቅጹንና የጎደለውን ሁሉ ለሚፈልግ ተማሪ በነጻ እሰጣለሁ። ጽሕፈት ቤቶቹ መልሳቸውን ከጥምቀት በፊት ቢያሳውቁ ተማሪዎቹ መንገዳቸውን መርጠው ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ሥራ ሊገቡ ይችላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ንብረት ገማች